ሐዘንተኛን ያስቸኮለው ሰው

ትናንት ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። ለስለስ ያለ የወጣት ድምፅ ነው። «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ቶሎ ይንገሩኝ።» «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደግ አደረገ! ይህችን «ቶሎ» የምትባል ነገር እኔ ከልጅነቴ ነው የማውቃት።

አባቴ ያረፈው በሐምሌ ነው፤ የኮልፌ ጭቃ ጫማ ውጦ በሚያስቀርበት ወር። ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው ለቀስተኛው ይጠጋጋል፣ ንፍሮ ይታደላል፣ ጎረቤት በየተራው ሽሮውንም ሻዩንም ይዞ ይመጣል። መቼም ለቅሶ ቤት የገባን ሰው «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው። ሚስትስ ብትሆን የባሏን ወዳጅ ሁሉ ከየት ታውቀዋለች?

በቀብሩ ዕለት አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየመታ ገባ። የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነኝ አለ። ታሞ በተኛ ጊዜ አባቴ የእሱንም ሥራ ደርቦ እየሠራ ከመባረር እንዳዳነው ለእናቴ ነገራት። እናቴ ያን ከሰማች በኋላ ነው እህል የቀመሰችው። እኔማ ወደድኩት።

በሠልስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እትዬ አስካለ፣ የጡረታው ጉዳይ እንዳይበላሽብዎ እኔ ልሩጥልዎ። መታወቂያዎንና የቤቱን ካርታ ይስጡኝ። እዚህ ባዶው ወረቀት ላይ ይፈርሙልኝ፣ እኔ እሞላዋለሁ። ዛሬ ካልገባ ግን ይቃጠላል።»

እናቴ በዓይኗ ወደ ሣጥኑ ጠቆመችኝ። ሮጬ አውጥቼ ስመለስ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ምላሳቸውም እንደ በርበሬያቸው ነበር።

«ወንድሜ» አሉት፣ «ሐዘንተኛን ያስቸኩሏል እንዴ? እኛ ሰፈር ባሏን የቀበረችን ሴት ውሃ ቅጂ እንኳ አንላትም። ወረቀቱ ከቸኮለ ደግሞ ተነሱና አብረን እንሂድ፤ እሷው በእጇ ትስጥ።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። «ኧረ ዘይነባ፣ በሟች ወዳጅ ላይ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። እኔም በእፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሰውዬው ግን ድምፁ ተለወጠ። «እርስዎ ምን ጥልቅ አደረገዎት?» አለ። ከዚያ ታክሲ ልጥራላችሁ ብሎ ወጣ። ጠበቅነው፤ ንፍሮው ሁለተኛ ዞረ፤ ሰውዬው የውሃ ሽታ ሆነ። አጎቴ ወደ አባቴ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲጠይቅ እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ አልተገኘም። በኋላ እንደሰማነው፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መታወቂያዋን ሰጥታው ኖሮ፣ መታወቂያው ላይ የሌላ ሴት ፎቶ ተለጥፎ ቤቷ ተሽጦባት ነበር።

እናቴን ግን ያስለቀሳት የቤቱ ነገር አልነበረም። «ስለ እሱ የነገረኝስ? ያም ውሸት ነው?» አለች። እትዬ ዘይነባ ጉልበቷን ያዝ አደረጉና «እሱንስ ሌባው ባይነግረንም እናውቀው የለ! ባልሽ እንደዚያ ነበር» አሏት። ያን ጊዜ ከልቧ አለቀሰች።

ከዚያም በኋላ እናቴ ለቅሶ የመጣን ሰው ማንነት ጠይቃ አታውቅም። «ማልቀስማ የማንም መብት ነው፤ መታወቂያ ሲጠይቀኝ ነው ማን ነህ የምለው» ትል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሌባ የሚሰርቀን ሞኝ ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ደግነታችንን በደንብ አጥንቶ ነው። ታዲያ ደግነታችንን እንተወው? አይሆንም።

እናቴን የቀበርናት ዓምና ነው። ድንኳኑ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች አቅፈውኝ አለቀሱ፤ አንዳቸውንም ስማችሁ ማነው አላልኩም። መታወቂያዋን ግን የዚያን ዕለት ማለዳ፣ ገና የመጀመሪያው እንባዬ ሳይወርድ፣ ቆልፌበት ነበር።