ሰባ ሁለት በመቶ

ሙዐዊያ አሊዩ አምባ ተወልዶ፣ አጣዬ ሥራ ይዞ፣ በመጨረሻ ሸዋ ሮቢት የቀረ ሰው ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ደርሷል። የቆላው ሙቀትና አቧራ ያነቃቸውን ኮምፒውተሮች እየከፈተ ያጸዳል፣ ይጠግናል። ዋና ሥራው ግን ዶክተር አለባቸው ክሊኒክ ውስጥ ያለውን ሰርቨር መጠበቅ ነው፤ የሕሙማኑ ካርድ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጨዋታ የሚወድ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። የአጣዬ ነገር የተነሳ እንደሆነ ግን ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

ዶክተር አለባቸው ድሮ ክሊኒካቸው አጣዬ ነበር። ያኔም የኮምፒውተሩ ሰው ሙዐዊያ ነበር። ካርድ ክፍሉን የያዘችው ለምለም የምትባል ቀጭን፣ እጀ ፈጣን ልጅ ነበረች። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በገለበጠችው ካርድ ሁሉ ግርጌ «ለ» የምትል አንዲት ፊደል ትጽፍ ነበር። ስህተት ቢገኝ ማንን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው ትል ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከተማዋ በተቃጠለችበት ሰሞን፣ ሙዐዊያ አንድ ማለዳ ካርዶቹን በሙሉ ወደ ተንቀሳቃሽ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ማሽኖቹን የሚጭን መኪና ፍለጋም ወደ ጀውሃ ወረደ። ሲወጣ ለምለምን፣ «ቅጂው እስኪያልቅ ከዚህ እንዳትነሺ» አላት። ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተጀመረ። መኪና ሳያገኝ ሲመለስ ሰንበቴ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀው። ስልክ አይሠራም። በማሳው በኩል በእግራቸው ወደ ቤተሰቦቻቸው የሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ በዓይኑ አይቷቸዋል። እሱ ግን ከሚሸሸው ሰው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ የለምለም አስከሬን ከክሊኒኩ ጀርባ ተገኘ የሚል ወሬ ደረሰው።

ዲስኩን ያተረፉት የክሊኒኩ ጥበቃ ጋሼ አብዱልሀኪም ናቸው። ከጠረጴዛዋ ላይ ነቅለው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ማሾ ባለበት ጆንያ ውስጥ ሸሽገው አቆዩት። ዶክተር አለባቸው ሸዋ ሮቢት ላይ እንደገና ሲከፍቱ ጋሼ አብዱልሀኪም ዲስኩን ይዘው መጡና ለሙዐዊያ በእጁ ሰጡት። እዚያ ላይ ከአሥራ አንድ ሺህ ካርድ ወደ ስምንት ሺህ የሚሆነው ተርፎ ነበር።

ሙዐዊያ ይህን አሮጌ ዲስክ ማንም እንዳይነካው ከታች አደረገው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። በላዩ አዲስ ዲስክ ደረበበት። ሠራተኛው የሚያየው ሁለቱ ተደራርበው እንደ አንድ ሆነው ነው፤ ወረቀት ላይ ላስቲክ አልብሶ በላስቲኩ ላይ እንደ መጻፍ ያለ ነገር። አሮጌ ካርድ ሲታረም ወደ ላይኛው ዲስክ ይገለበጥና እርማቱ እዚያ ይሰፍራል። ፋይል ሲጠፋም ከላይ «የለም» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ የታችኛው ባለበት ይቀመጣል። ይህን ድርብ ነገር በኔትወርክ አጋርቶ ለአምስቱም ክፍሎች ኮምፒውተሮች ከፈተላቸው።

በዚያው ቀን፣ ኮምፒውተሮቹን አገናኝቶ ሲጨርስ፣ ከካርዶቹ መሐል «ለሙዐዊያ» የሚል አንድ ፋይል አየ። አልከፈተውም። ወዲያው አጠፋው። የሸፈነው እንጂ ያጠፋው እንዳልሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ከዓይኑ ስለራቀለት ለጊዜው ተነፈሰ።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ሷሊሕ የሚባል የቀወት ሽንኩርት ገበሬ ትኩሳት አንቀጥቅጦት፣ ሚስቱ ከዲጃ በባጃጅ ይዛው መጣች። ሷሊሕ የክሊኒኩ የድሮ ደንበኛ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሌላ ቦታ ፔኒሲሊን ተወግቶ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት እዚህ መጥቶ በስንት መከራ ነበር የተረፈው። ዶክተር አለባቸውም ያን ዕለት በገዛ እጃቸው ካርዱ ላይ ይህ መድኃኒት እንደማይስማማው ጽፈዋል። ዛሬ ዶክተሩ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ተተክቶ የገባው አዲስ ሐኪም ካርዱን ሳያይ ያንኑ መድኃኒት አዘዘለት። መርፌ ክፍል ያለችው ሲስተር ትርንጎ እንደ ልማዷ በኮምፒውተሯ ካርዱን ከፍታ አየች። «የማይስማማው መድኃኒት፦ የለም» ይላል። ግርጌው ላይ «ለ» አለች።

መርፌውን ቀድታ ስትዞር ከዲጃ ጠርሙሱን አየችና እጇን ያዘቻት።

«ይሄ አይደለም እንዴ ባለፈው ሊገድለው የነበረው?» አለች ቀስ ብላ።

ሲስተር ትርንጎ መርፌውን አስቀመጠችና ሙዐዊያን አስጠራችው። እሱ በራሱ ክፍል ካርዱን ሲከፍት የዶክተሩ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መርፌ ክፍል ሄዶ ሲያይ የለም፤ ያለው የለምለም ካርድ ነው፣ ከአምስት ዓመት በፊት እንደ ጻፈችው። አንድ ካርድ፣ አንድ ሰርቨር፣ ሁለት ገጽ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለምለም ከተቀበረች በኋላ የምትጽፍ፣ እሱ የተወውን ሥራ እስካሁን ቁጭ ብላ የምትሠራ መሰለው።

ሲስተር ትርንጎ በሩን ገፋ አደረገችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህቺ ‹ለ› ማን ናት?» አለችው።

ሙዐዊያ ካርዱን ዘጋው። እሷም ቀጠለች፦

«እዚህ ኮምፒውተር ላይ ስምህ ያለበት ፋይል አለ። ከገባሁ ጀምሮ አየዋለሁ። የሥራ መስሎኝ አንድ ቀን ከፈትኩት፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አንተ የምታውቀው መስሎኝ ነበር።»

ከዝርዝሩ መሐል አሳየችው። በሌላ ክፍል የሌለው፣ እሱ ራሱ በእጁ ያጠፋው «ለሙዐዊያ» እዚያ ተቀምጧል። ትርንጎ ለሷሊሕ ሌላ መድኃኒት ልታሳዝዝለት ወጣች። ሙዐዊያ ፋይሉን ከፈተ።

«ሙዐዊያ፣ ሰባ ሁለት በመቶ ደርሷል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ እንደገና አስጀመርኩት። ስልክህ እምቢ አለኝ። እንዳትነሺ ስላልከኝ አልተነሳሁም። ከመጣህ በጓሮ በር ግባ፣ የፊቱን ቆልፌዋለሁ። ለ።»

የተጻፈበት ሰዓት ከጎኑ ተመዝግቧል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይላል። ሙዐዊያ ያን ጊዜ የት እንደነበረ ያስታውሳል። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ የማያውቀው ሰው የሰጠውን ውኃ እየጠጣ ነበር። ደብዳቤውን በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ በእጁ ገለበጠው።

ዶክተር አለባቸው በማግሥቱ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ ጨፍልቆ አሮጌውን እንዲጥለው አዘዙት። በሕይወት ያለ ሰው ለሞተ ወረቀት ሲባል አይሞትም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሙዐዊያ ግን ልመና በሚመስል ድምፅ ሁለት ቀን ጠየቃቸው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የልጁን የትውልድና የክትባት ማስረጃ ፍለጋ አሁንም ወደ እኛ ይመጣል፣ ዋናው ቅጂ መነካት የለበትም አለ። ሌላ ምክንያት እንዳለው አልነገራቸውም። ያን ፋይል ሰባት ወር ሸፍኖት ሲኖር ከሥሩ ሳይጠፋ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ጨርሶ ይጥፋ ሲባል ግን ሊቀበለው አልቻለም።

ችግሩን ያገኘው በሁለተኛው ቀን ነው። ሰርቨሩ ለየፋይሉ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ በኔትወርክ ያሉት ኮምፒውተሮች ፋይሉን የሚጠሩት በዚያ ቁጥር ነው። ካርዱ ታርሞ ወደ ላይ ሲገለበጥ አዲስ ቁጥር ይይዛል። ቀድሞ የከፈተው ኮምፒውተር ይህን አይሰማም፤ በድሮው ቁጥር ይጠራል፣ ሰርቨሩም የታችኛውን ያቀብለዋል። የጠፋውም ፋይል እንዲሁ ነው። የመርፌ ክፍሉ ኮምፒውተር ከክትባት ማቀዝቀዣው ጋር በሶላሩ መስመር ስለተሰካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ለዚህ ነው አሮጌውን ቁጥር ሁሉ ይዞ የቀረው።

መድኃኒቱ ሰርቨሩ ላይ ማውጫ እንዲይዝ ማድረግ ነበር፤ የእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ መለያ ከአዲሱ ቦታው ጋር ታስሮ የሚመዘገብበት። ያኔ ካርዱ ወደ ላይ ቢወጣም መለያው ያው ይሆናል፤ በድሮው ቁጥር የጠራም የታረመውን ያገኛል። የጠፋውም ጠፋ ይባላል። ሙዐዊያ የላይኛውን ዲስክ በአዲስ መልክ አዘጋጅቶ፣ የሰባቱን ወር እርማት አንድ በአንድ መልሶ ጫነበት። «ለሙዐዊያ»ን አላጠፋውም። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አጥፍቶ ካስነሳ በኋላ ሲስተር ትርንጎ የሷሊሕን ካርድ እንደከፈተች እንድትቆይ አደረገና እሱ ከክፍሉ ሆኖ አንድ መስመር ጨመረበት። ካርዱን መልሳ ስትከፍተው መስመሩ መጣላት። አምስቱም ክፍሎች አንድ ገጽ አዩ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከአምስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣዬ ሄደ። የለምለም እህት ብሥራት ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ማንነቱን ስትለይ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወንበር አቀረበችለት። ማዘዣ ወረቀቱን ሰጣት። እንዳትነሺ ያላት እሱ መሆኑን፣ ሰንበቴ ደርሶ መመለሱንም ሳያስቀር ነገራት። ብሥራት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ይላል» አለች።

«ከአሥር ደቂቃ።»

«እኛ ጠዋቱን ነው ብለን ነበር። ተኩሱ እንደጀመረ፣ ምንም ሳታውቅ። እማማን በዚህ ነው ያጽናናናት።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ቀጥሎ የተናገረችው ሳታየው ነበር። «ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነበረቻ።»

አልወቀሰችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። ለእናታቸው እንዳይነግር ብቻ አስማለችው። ወረቀቱን ግን አልመለሰችለትም፤ መለኪያ ሜትሯንና መቀሷን ከምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችው።

ሙዐዊያ አሁንም ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራል። ካርዶቹ ከዚያ ወዲህ ተሳስተው አያውቁም። ሲስተር ትርንጎ የምታዝንበት አንድ ነገር አለ፤ አንዳንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ ሥራውን አቁሞ ወደ ክሊኒኩ ጓሮ ይወጣና በሩ መከፈት አለመከፈቱን ይሞክራል። ተከፍቶ ካገኘው ተወት አድርጎት ይመለሳል። ተቆልፎ ካገኘው ቁልፍ ያስመጣና ያስከፍተዋል።