ዝም የምትል ኮምፒውተር

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን መምረጥ ነበር። ባለቤቴ አልጋው ላይ በትራስ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እኔ ከእግሩ በኩል ነኝ፤ ስልኩ በመካከላችን ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ደሴ ያለው የኮምፒውተር ባለሱቅ የሁለት ፋን ፎቶ ልኮልናል። አንዱ ከመዳፌ ያነሰ ነው፤ ሌላው እንደ ሻይ ሰሐን ሰፊ ነው። እኔ ትንሹን መረጥኩ። ትንሽ ነገር ትንሽ ድምፅ የሚያወጣ መስሎኝ ነው።

«ተሳሳትሽ» አለኝ። «ትንሹ ሥራው እንዲደርስለት ይሮጣል። የሮጠ ደግሞ ያለከልካል። ሰፊው ቀስ እያለ ነው የሚዞረው።»

«አንተን ደግሞ ስለ ማለክለክ ማን አስተማረህ?»

«ደረጃው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁለታችንም ስልኩን ስናይ ቆየን። ከዚያ በጣቱ ሰፊውን ነካና «ይኸኛው ይሁን በይው» አለኝ። ለባለሱቁ ጻፍኩለት፤ እሱም የአውራ ጣት ምልክት ላከልን። ሌላ የተናገርነው ትልቅ ነገር የለም። ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልፈልግም አለ።

«ደረጃው» ያለው የላሊበላን ደረጃ ነው። ባለቤቴ አስጎብኚ ነበር። ልቡ መታመሙን ከማወቃችን በፊት፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ መሐል ቆም ማለት ጀምሮ ነበር። እንግዶቹ ታሪክ ሊነግራቸው የቆመ እየመሰላቸው ከበውት ይጠብቃሉ። እሱም እንዳያፍር ብሎ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር ይነግራቸዋል። እዚያ ላይ የሚነገር ታሪክ አልነበረም። በኋላ ሌሎች አስጎብኚዎችም እዚያው እየቆሙ ሲናገሩ ሰማሁ ብሎ ቤት መጥቶ አስቆኛል። ያን ጊዜ ሁለታችንም በነገሩ እንስቅ ነበር።

ሐኪም ቤት ከተመላለስን በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና «ትንፋሻቸው ሲለወጥ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይዘዋቸው ይምጡ» አለኝ።

«እንዴት ነው የሚለወጠው?»

«አብረዋቸው ኖረዋል። ሲለወጥ ያውቁታል።»

ይህ ቃል ከበሽታው ስም ይልቅ አስፈራኝ። ሐኪሙ ማወቁን ለኔ አስረክቦ የሄደ መሰለኝ። ብሳሳትስ? ባልሰማስ?

አለመስማቴ ደግሞ ቀላል ነበር። የምንተዳደረው በእኔ ትየባ ነው። የመሬት ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የማኅበር ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ሶኬቱ ያለው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ጠረጴዛው እዚያ ነው፤ አልጋው ከበስተኋላዬ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ትልቅ፣ ገና ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነበር። እሱ ከበራ ከጀርባዬ ያለው ሰው ይተንፍስ አይተንፍስ የማውቅበት መንገድ የለኝም። የሞቱ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ ከዚያ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው የሌላ ሰው ማመልከቻ ስተይብ እንዳይሞትብኝ ነው።

ስለዚህ አንድ አንቀጽ እጽፍና መነጽሬን የምጠርግ መስዬ እዞራለሁ። እሱም ገብቶታል። ገና ወንበሩ ሲንቋቋ «አለሁ፤ ጻፊ» ይለኛል። ሲተኛ ግን አለሁ የሚለኝ የለም። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሄጄ ደረቱን አያለሁ። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል ካየሁ በኋላም ፊደል ይሳሳትብኛል።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን ደስ ይለኝ ጀመር። ማሽኑ እየደከመ ሄዶ ዝም ይላል፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ትንፋሹ ይሰማኛል። ያላስቀመጥኩት ጽሑፍ ጠፍቶብኝ እንኳ እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ።

«መብራት ሲሄድ ፈገግ የምትል ሴት ከአንቺ ሌላ አላየሁም» አለኝ አንድ ቀን። ምክንያቱን ነገርኩት። «እንግዲያው ዝም የምትል ኮምፒውተር እንሥራ» አለ።

እንግዳ ስለሌለ ሥራ ፈትቶ ነበርና ይህን ሥራው አደረገው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ሁሉ ያነባል። ላፕቶፕ ነበረን፤ ተበላሽቶ እስከ ወልድያ ሄዶ ሳይሠራ ተመልሷል። በየዕቃው የሚገጣጠም ከሆነ ግን አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ እንቀይራለን አለኝ። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አይኑረው፤ በእሱ ፈንታ የማይንቀሳቀሰው ኤስኤስዲ ይሁን። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚያሰላው ቺፕ፣ መብራት የማይበላ፣ የማይግል ይሁን፤ ካልጋለ ፋኑ አይቸኩልም። ሳጥኑ ደግሞ ትንሽ ይሁን፤ ከደሴ ሲመጣ መኪናው ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ተጭኖ ከሚንገጫገጭ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ይያዝልን። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ስሰማው፣ የምሰማው ቃሉን ሳይሆን በቃሉ መሐል አየር የሚስብበትን ነበር።

ባለሱቁን በስልክ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ረጅም ንግግር ይደክመው ነበር። ከእሱ የተማርኩትን በኩራት ተናገርኩ፤ «ሲፒዩው ትንሽ ይሁን፣ ትልቅ እንዳታደርግብኝ» አልኩት። ባለሱቁም «ችግር የለም እህቴ» አለ።

ዕቃው ሲደርስ የባለቤቴ ታላቅ እህት ልታስታምመው ከፍላቂት መጥታ ቤታችን ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ጆሮዋ ግን ደክሟል፤ ትንፋሹን እንድትጠብቅልኝ ልተማመንባት አልችልም። ካርቶኑን ስንከፍት «የብስኩት ቆርቆሮ ነው እንዴ ያስመጣችሁት?» አለች። በርግጥም ቆንጆ ነበረች። መስኮቱ ሥር አስቀምጠን አበራናት።

ጮኸች። የአሮጌው ጩኸት የወፍጮ ከሆነ የዚህችኛዋ ጥርስ የሚያስፋጭ ፉጨት ነበር። ባለቤቴ ጆሮውን ያዘ።

እህቱ ጠጋ ብላ አየቻትና «ጥሩ ናት፤ ዝም ያለች ናት» አለች።

እሱ ሳቁን መግታት አልቻለም። እኔ ላለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ምን እንዳሳቀው አልገባትም።

ደሴ ደወልኩ። «ሲፒዩው ትንሽ ይሁን አላልኩህም?»

«ትንሽ ነው እንጂ እህቴ! ከሱ የሚያንስ ሱቄ ውስጥ የለም።»

«ውስጡ ያለው እሳት ነው እኮ!»

«ውስጡንማ ምርጥ አድርጌልሽ ነው! ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ እንዳይከፋሽ ብዬ ኃይለኛ ፕሮሰሰር ነው የከተትኩልሽ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ሳጥኑን በሙሉ ነው። እኔም ዕድሜዬን እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ ብቻ መሆኑን ባለቤቴ አንብቦ ስላስተማረኝ ትክክለኛውን ቃል ተናገርኩ፤ የተሳሳተ ዕቃ መጣልኝ።

«ሁለተኛ ትክክል እንዳትናገሪ» አለኝ ባለቤቴ ከአልጋው ላይ።

ባለሱቁ የማይግለውን ፕሮሰሰርና ሌላ ፋን ሊልክልን ተስማማ። ፋኑን የመረጥነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ መኪናው አልመጣም። እስከዚያ ወደ አሮጌው ተመለስኩ፤ እንደገና እጽፋለሁ፣ እዞራለሁ። ፍርሃቴ ባሰ። ዕቃው ዛሬ ቢደርስ፣ ነገ ቢደርስ እያልኩ፣ በእሱና በዕቃው መካከል እሽቅድምድም ያለ ይመስለኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገረው የሚሆን መሰለኝ።

ትንፋሹ የተለወጠው ጠዋት ነው። መብራት አልነበረም፤ ማሽኑ ጠፍቷል፤ እኔ ከአልጋው አጠገብ ምስር እለቅማለሁ። በትንፋሹ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ፤ ጠርሙስ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውኃ ሲናጥ እንደሚያሰማው ያለ። ሐኪሙ እንዳለው አወቅሁት። አልጠበቅሁም። ምስሩን መሬት ላይ ትቼ ባጃጅ ጠራሁ፤ እህቱ በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው ደግፈን አስገባነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ «ጥሩ ነው፣ በጊዜ መጥታችኋል» አለችን።

በጊዜ ደርሰን ነበር። ሰምቼዋለሁም። እዚያው ሐኪም ቤት ውስጥ እጁ በእጄ እንዳለ ሞተ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ሳልሰማ እንዳይሄድ ነበር። ሰምቼም እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም።

የሐዘኑ ድንኳን ከተነሣ በኋላ ባለሱቁ ደወለ። «ዕቃሽ ተጭኗል እህቴ፤ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ይዞልሻል። ጋሼ እንዴት ናቸው? ሰፊው ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው አይደል? ልክ ናቸው በያቸው። ሞክሬዋለሁ፤ አይሰማም።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያልኩት ነገር አስፈራኝና ከቤት ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ።

ዕቃውን የገጠምኩት ብቻዬን ነው፤ እሱ እያነበበልኝ በእኔ እጅ ልንሠራው ነበር ያሰብነው። የሚግለውን ፕሮሰሰር አውጥቼ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ቅባት በጥጥ ጠርጌ፣ በአዲሱ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅባት አደረግሁ። ፋኑን ከላዩ አጠበቅሁ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ምንም የለም። አበላሸሁት ብዬ ስደነግጥ ስክሪኑ በራ። ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አስጠጋሁ። እንደዚያም ሆኖ የሚሰማው ከእንቅልፍ በፊት ጆሮ ውስጥ እንደሚመጣ ያለ በጣም ቀጭን ድምፅ ነው።

እህቱ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ያችኛዋ ናት?»

«ውስጧን ቀይሬው ነው እትዬ» አልኳት በጆሮዋ።

«ልዩነቷ ምንድን ነው?»

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። እሷም ትከሻዬን ይዛ ቆየችና ሳትደግም ሄደች። አርባው እንደወጣ ወደ ፍላቂት ተመለሰች።

ብቻዬን ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ገጽ ሳልጨርስ ከጀርባዬ ትንፋሽ ሰማሁ። ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ደረቁ። ትንፋሼን ይዤ ላዳምጥ ስል እሱም አብሮ ቆመ። የራሴ ነበር። ከዚያ በፊት ቤቱ ጸጥ ሲል የማዳምጠው የእሱን ብቻ ስለነበር የራሴን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ፈርቼ አሮጌውን መልሼ ሰካሁት። እሱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ከጩኸቱ ሥር ባለቤቴ ከኋላዬ እንደተኛ ይሰማኛል፤ ስዞር አልጋው ተነጥፏል። በቀን ውስጥ ደጋግሜ አጣሁት። ስለዚህ ሶኬቱን ነቅዬ አሮጌውን ከቤት አወጣሁት፤ ለትንሿ ሥራ ሳልሰጣት ብዙ ቀን አለፈ። የሰው ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ።

ከዚያ ከብልባላ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። እምቢ ማለት አፈርኩና እየፈራሁ ተቀመጥኩ። ጽፌ ስጨርስ «አንብቢልኝማ ልጄ፣ ያልኩትን ጽፈሽ እንደሆን» አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ቆይማ፣ ቆይማ። እኔ በደሉኝ ነው ያልኩሽ። አንቺ ቅር ተሰኝቻለሁ ትይልኛለሽ? ቅር የተሰኘ ሰው ከብልባላ በእግሩ ይመጣል?»

«ለመሥሪያ ቤት ሲሆን እንዲህ ነው የሚባለው አባቴ።»

«መሥሪያ ቤቱ አማርኛ አይሰማም? በደሉኝ በይ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንደገና ከላይ ጀምሪልኝ።»

እንደገና ከላይ ጀመርኩ፤ እያነበብኩ አረምኩት። አትመው ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው አንድም ጊዜ ወደ አልጋው አለመዞሬን ያስተዋልኩት። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ዝም ስል ይመጣል።

አሁን ማመልከቻም ይሁን ውል፣ የምተይበውን ሁሉ ድምፄን አውጥቼ እያነበብኩ እተይባለሁ።