ቲቸርን «አንተ» ያለችበት እሁድ

በአንድ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ሥራዋ ከማሽን የወጣውን ትልቅ ወረቀት አጥፋ፣ በገጽ ቁጥሩ ደርድራና ሰፍታ ለሙጫ ማዘጋጀት ነው። የጣቶቿ ጫፍ በወረቀት ስለት ተቆራርጦ ተቆራርጦ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው አባቷ ታሞ ሲተኛ ነው። ማንበብ ግን አላቋረጠችም፤ እያጠፈች ታነባለች። አለቃዋ «ደመወዝ የሚከፈለው ለእጅሽ ነው፣ ለዓይንሽ አይደለም» እያለ ይቆጣል፤ እጇ ከማንም ስለማይዘገይ ግን ከቁጣ አያልፍም።

በእጇ ያላለፈ መጽሐፍ የለም። የእንስሳት ሐኪሞች መማሪያ፣ የከዋክብት መጽሐፍ፣ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ያለበት፣ ባለ ሦስት ቅጽ የልጆች መዝገበ ዕውቀት። ችግሩ መጽሐፉ ሙሉውን አይደርሳትም። እሷ አሥራ ስድስት ገጽ ስታጥፍ፣ ቀጣዩ አሥራ ስድስት ከጎኗ ካለችው ሴት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ የመስታወትን አሠራር አሸዋው እስኪቀልጥ ድረስ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ እግዜር ይወቀው። የምታውቀውን ግን እንደ ስሟ ነው የምታውቀው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤቷ ዝቅ ብሎ ባለው ግሮሰሪ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ይደረጋል። ባለ ግሮሰሪው ራሱ ማይክ ይዞ ካርድ እያነበበ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ መልሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል። የአሸናፊው ጠረጴዛ ስም ከባንኮኒው በላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተጽፎ ይሰነብታል። ይህችን ስም ለማስጻፍ ሰፈሩ የማይሆነው የለም።

እሷ የምትቀመጠው የአውቶቡስ ሹፌር ከሆነው ከእህቷ ባልና ከቲቸር ጋር ነበር። ቲቸር ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ከሰፈሩ ሰው ግማሹን በአለንጋም በጠመኔም ያሳደጉ፣ ሲገቡ ወንበር የሚለቀቅላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ይሏታል። መልሱን የሚወስኑት እሳቸው፣ የምትጽፈው እሷ። የጠረጴዛውም ስም «የቲቸር ጠረጴዛ» ነው።

አንድ እሁድ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። «በዓለም ላይ በስፋቱ አንደኛ የሆነው በረሃ የትኛው ነው?»

«ሰሃራ ነዋ!» አለ ሹፌሩ። ቲቸርም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አንታርክቲካ ነው» አለች ጠራዧ።

«ምን አልሽ?»

«የደቡብ ዋልታው። በረሃ የሚባለው በሙቀቱ ሳይሆን ዝናብ በማጣቱ ነው። እዚያ ደግሞ በረዶው የቆየ ነው እንጂ ከሰማይ የሚወርደው ኢምንት ነው።»

ቲቸር ከት ብለው ሳቁ። «በረዶ በረሃ ሆነ! ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«በእጄ ያጠፍኩት ገጽ ላይ ነው ያነበብኩት፣ ቲቸር።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። በይ ጻፊ፣ ሰሃራ።»

ጻፈች። ባለ ግሮሰሪው ካርዱን ገልብጦ «አንታርክቲካ!» ሲል የቲቸር ጠረጴዛ በጋራዥ ሠራተኞች ጠረጴዛ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። እሷን ያንገበገባት ግን ሽንፈቱ አልነበረም። ቲቸር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ ለጎረቤት ጠረጴዛ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ልቤ ነግሮኝ ነበር እኮ! አንቺስ ብትሆኚ፣ ካወቅሽ ጠንከር ብለሽ አትናገሪም?»

ማታ እህቷ ቤት ሄዳ ስትነግራት ደሟ እንደ ፈላ ነበር።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ተያቸው የኔ እናት» አለቻት እህቷ።

«ሽማግሌነት የሰው አፍ ዘግቶ፣ መልሶ ለምን ዝም አልሽ ለማለት ፈቃድ ነው እንዴ?»

በሚቀጥለው እሁድ ወደ ግሮሰሪው ገብታ፣ የቲቸርን ጠረጴዛ በሰላምታ አልፋ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን ሰው የሚሸሻትን ትንሽ ጠረጴዛ ያዘች።

«ብቻሽን?» አለ ባለ ግሮሰሪው።

«ክልክል ነው?»

«ክልክልስ አይደለም። የጠረጴዛሽን ስም ምን ልበል?»

«ጥረዛ በለው።»

ጥያቄው ተጀመረ። ኦክቶፐስ ስንት ልብ አለው? ሦስት። ቀኗ ከዓመቷ የሚረዝም ፕላኔት ማን ናት? ቬኑስ። ከሰው አጥንቶች ሁሉ ትንሿ የት ትገኛለች? ጆሮ ውስጥ። እያንዳንዱን መልስ አሳምራ ጻፈች። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ «ጥረዛ» የጋራዥ ሠራተኞቹን ጠረጴዛ በሁለት ነጥብ፣ የቲቸርን ደግሞ በአምስት ይመራ ነበር።

ይሄኔ ቲቸር ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሱ ቤቱ ጸጥ የማለት ልማድ አለው።

«አንድ ነገር ልናገር። ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ነው ትምህርቷን የተወችው። የኦክቶፐስን ልብ የት አግኝታ ቆጠረችው? ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ይኖራል፤ ይፈተሽ።»

ልጅ የተባለችው የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት። የስምንተኛ ክፍሉን ነገር ደግሞ አንድ ቀን ከውድድር ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ፣ እንደ አባት አይታቸው በምስጢር የነገረቻቸው ነበር። ፊቷ ደም መሰለ። ወደ እህቷ ባል ዞር አለች፤ ሹፌሩ ብርጭቆው ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል አጎንብሷል።

ባለ ግሮሰሪው ማይኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ «ያው ለሰላም ሲባል… ቦርሳሽን ብታሳዪን?» አለ።

ተነሳች። ቦርሳዋን ይዛ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ሄደችና ቲቸር ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ቁልፍ ወጣ። መነጽር፣ የመጽሐፍ መስፊያ ክር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ። በመጨረሻም ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የማያውቅ የድሮ ስልክ ወጣ። ስልኩን አንስታ ቲቸር እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው። በል ኦክቶፐሱን ፈልግልኝ።»

ፈልጉልኝ አላለችም፤ «ፈልግልኝ» ነው ያለችው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው።

«ፈልግልኝ? እኔን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን ነው! ስድስት ዓመት አንቱ ያልኩህ የተከበረ ሰው መስለኸኝ ነው። ባለፈው እሁድ በገዛ እጄ ስሕተትህን አስጽፈህ፣ ጠንከር ብለሽ አትናገሪም አልከኝ። ይኸው ዛሬ ጠንከር ብዬ ስናገር ሌባ አደረግኸኝ። በምስጢር የነገርኩህንም ለሰው ሁሉ ዘራኸው። ያወቅሁትን ያወቅሁት እጄ እየደማ ነው፣ ከማንም አልሰረቅሁም!»

ቲቸር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከዚህ በኋላ ይህን ታሪክ ለሚያወራም ሰው ቲቸርን አንቱ ማለት ይከብዳል።

ባለ ግሮሰሪው መሀል ገባ። «በቃ፣ በቃ! ይህን ዙር እንሰርዘውና ሁላችንም ሰላም እንሁን።»

«ምን አጥፍቼ ነው የሚሰረዘው? ቦርሳዬን ክፈቺ አልከኝ፣ ከፈትኩ። አሁን አንተ ደግሞ ማይክህን አንሳና ምንም አልተገኘባትም በል።»

ማይኩን አነሳና በአፍንጫው አጉረመረመ።

«አልተሰማም» አለች።

«አልተሰማም!» ሲል ከጋራዥ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ አንዱ ደገመላት። ሌላውም ተከተለው።

«ምንም… አልተገኘባትም!» አለ ባለ ግሮሰሪው ጮክ ብሎ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ዕቃዋን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። 

ቲቸር መጸዳጃ ቤት የሚሄድ መስሎ በዚያው ወጣ። የመጨረሻው ዙር ስለ ኳስ ሆነ። ኳስ የሚባል ነገር በእጇ አልፎ አያውቅም። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የት አገር ተካሄደ ሲባል፣ ባማረ ጽሑፏ «አላውቅም» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የመጡትንም አላገኘቻቸውም። የጋራዥ ሠራተኞቹ በአንድ ነጥብ አሸነፉ። ቅር አላላትም፤ ያሸነፏት አውቀው ነው።

ረቡዕ ዕለት ሹፌሩ ቤቷ መጣ።

«ቲቸር ቀልዴን ነበር በላት ብለውኛል።»

«ቀልድ ከሆነ ማን ሳቀ? በሰው ፊት ነው የሰደበኝ፣ በሰው ፊት ይቅርታ ይበል። ለመሆኑ አንተስ? የሚስትህ እህት ቦርሳ ሲፈተሽ ምላስህ የት ሄዶ ነበር?»

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «ፈራኋቸው» አለ። «እኔንም አስተምረውኛል እኮ።» ይህን በማለቱ ብቻ ሻይ ቀዳችለት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቅዳሜ ከሰፈሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሯን አንኳኩ። ወንበር ሰጠቻቸው፤ ቲቸር ልኳቸው ይቅርታ ሊጠይቁለት የመጡ መስሏት ነበር።

«ልጄ» አሉ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የሆነው ሆኗል። ግን ትልቅን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው። ሄደሽ ይቅርታ ብትጠይቂያቸው ምን ይመስልሻል?»

መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። በሐሰት መወንጀሏን፣ ዕቃዋ በአደባባይ መገልበጡን ሰፈሩ በሳምንቱ ረስቶታል፤ «አንተ» የምትለዋን ቃል ግን ጨብጦ ይዟታል።

«አባቶቼ፣ እናንተን አከብራለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሌባ ሲለኝ አንዳችሁም በሬን አላንኳኳችሁም። አንተ ስላልኩት ግን ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ። ይህንን እናንተው አስቡት።»

እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ሰኞ ሥራ ገብታ የሽማግሌዎቹ ነገር እየተመላለሰባት ሦስት ወረቀት አጣማ አጠፈች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን ያን ያህል አበላሽታ አታውቅም፤ አለቃዋም ፊቷን አየና የወትሮ ቁጣውን ትቶ የተበላሹትን ወረቀቶች ራሱ አነሳላት።