የጋሽ ሞላ የተቆራረጠ ጥሩምባ

ጋሽ ሞላ ጥሩምባ ሲነፉ በሰፈሩ የሚተኛ ሰው አልነበረም። የእድሩ ወግ ሰው ሲሞት አንድ ረጅም፣ የማይቆረጥ ጥሩምባ ነው። ከዚያ የሟች ስም ይጠራል፤ ከዚያ የሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን። ተቆራርጦ የሚነፋውማ ሌላ ነው፤ እሳት ተነሣ፣ ሌባ ገባ፣ ድረሱ ማለት ነው። ይህን ደብረ ታቦር ላይ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ጋሽ ሞላ ያቺን አንዷን ረጅም ሲለቋት፣ እግዚኦ! ሟቹ ራሱ ደስ የሚለው ይመስል ነበር።

ታዲያ ልባቸው መቅበጥ ጀመረች። አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ትቆማለች፣ መላ ቅጧ ጠፋ። አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ሐኪሞቹ በብሽሽታቸው ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በደም ሥር ልባቸው ድረስ ወስደው፣ ምቱን የሚያምሰውን ቦታ ተኮሱላቸው። ልቧም አደብ ገዛች። ግን ጋሽ ሞላ በጀርባቸው መተኛት አቃታቸው፤ ጋደም ሲሉ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላቸዋል።

“አባባ፣ ልብዎ ተስተካክሏል” አለ ሐኪሙ ራጁን እያሳየ። “ነገር ግን አጠገቡ የምታልፍ ነርቭ አብራ ተጎድታለች። የቀኙን ድያፍራም፣ ማለት ከሳንባዎ ሥር ሆኖ አየር የሚስበውን ጡንቻ፣ የምታዘው እሷ ነበረች። ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድመን ነግረንዎታል።”

“ትመለሳለች?”

“ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ትመለሳለች። ላትመለስም ትችላለች።”

“እንግዲያስ በግማሹ እነፋለኋ!” ብለው ተነሡ። ሐኪሙ ምን እንደሚነፉ አልገባውም።

አገራቸው በገቡ በሳምንቱ አንድ ጎረቤት ዐረፈ። ሚስታቸው ትርንጎ በሩን ዘግታ ቆማ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ለሌላ ስጥ! ደግሞ አንተን ልቅበር?” ብትል ማን ሰምቷት! ጎህ ሲቀድ ወጥተው ነፉ። መሐል ላይ ተቆረጠ። ሳቡ፣ ነፉ፤ ተቆረጠ። ሳቡ፣ ነፉ። የሟችን ስም ለመጥራት ትንፋሽ ሲሰበስቡ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ! ዱላ የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ ሱሪውን በወጉ ያልታጠቀ። “ሌባው የታል?” “የማን ቤት ነው የሚነደው?” ባለ ባልዲው ሁሉ የለቅሶው ቤት ደጃፍ ላይ ተደረደረ። ጋሽ ሞላ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ ይርጋ፣ ያው በጋሽ ሞላ ዓይን ትናንት የተወለደ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። “ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስረን ልናስለፍፍ ተስማምተናል። ጥሩምባውን ያስረክቡን።”

የጋሽ ሞላ ደም ፈላ።

“በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው? አንተ ይርጋ፣ አባትህን ስጠራ ገሳይ ከተማ ድረስ ተሰምቷል! ሞንታርቦ የሳሙና መለፈፊያ ነው፤ በሉ ሟቻችሁን ከሳሙና ጋር ጥሩ! ደግሞስ ምን ቸገራችሁ? ከእንግዲህ የተቆራረጠ ስትሰሙ እሳት አይደለም፤ ሞላ ነው። እሳት ሲነሣ ጩኹ፣ ጉሮሮ አላችሁ አይደል!”

ሰው ሳቀ። ይርጋ ግን እጁን ዘረጋ።

“ና ውሰዳ!” አሉ ጥሩምባውን እቅፍ አድርገው። የደፈረ የለም።

ባጃጁ ግን ሥራ ጀመረ። ክረምቱን በሙሉ የሰፈሩን ሟች የጠራው ሞንታርቦው ነው። በየማለዳው እሱን ሲሰሙ ጋሽ ሞላ ይንገበገባሉ፤ ከከተማው ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ለብቻቸው ይነፋሉ። ትንፋሻቸው ያው ግማሽ ነው። ያቺ ነርቭ ወይ ፍንክች! “አትመለሽ! ማን ለመነሽ!” ይሏታል።

መስከረም በጠባ በሰሞኑ፣ ማልዶ በራቸው ተንኳኳ። ይርጋ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

“ጋሼ… እናቴ።”

ጋሽ ሞላ ሆዳቸው ቢባባም ቂማቸው አላስችል አላቸው። “ምነው፣ ባጃጁ ተበላሸ?”

“ደህና ነው። ደጄ ቆሟል።” አቀረቀረ። “እናቴን በሳሙና መለፈፊያ አላስጠራም። እርስዎ ይጥሩልኝ።”

“ይቆረጣል እኮ።”

“ይቆረጥ።”

ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ። ትርንጎ ዛሬ በሩን አልዘጋችም፤ ጋቢያቸውን አመጣችላቸው። ወጡና ነፉ፤ ተቆረጠ። ሳቡ፣ ነፉ፤ ተቆረጠ። ሳቡ፣ ነፉ። በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ዱላም ባልዲም የያዘ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ የሟችን ስም ሊሰማ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጋሽ ሞላ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ዝም ብሎ ጠበቃቸው።