እናቴ ደህና ናት ብዬ የተከራየሁት ቤት

ዶክተሩ «ከዚህ በኋላ እኛ የምናደርግላት ነገር የለም፤ ቤቷ ወስደሽ አሳርፊያት» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ክፉ ሳቅ ነው። የትኛው ቤቷ? ከመናኸሪያው ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት የኖርንበትን ክፍል ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ ከተባልን አሥር ቀን አልፎናል። ጎረቤቶቻችን ቀድመው ወጥተው የክፍሎቻቸው ቆርቆሮ ተነስቷል። የናዝሬት ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከልካይ ሲያጣ አቧራውን እያመጣ የእናቴ ፍራሽ ላይ ያራግፈው ጀመር።

እናቴን የያዛት ሰዎች ስሙን መጥራት የማይወዱት በሽታ ነው፤ ማህፀኗ ላይ የወጣ ነቀርሳ። ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፏል ተባለ። ከሆስፒታል ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጄን ያዘችና «ስሚ ልጄ፣ እኔ ሞት አልፈራም። ብቻዬን እንዳልሞት ብቻ አድርጊልኝ» አለችኝ። የወሎ ሴት ናት። በወጣትነቷ አባቴን ተከትላ ናዝሬት ወረደች፤ እሱ ሲሞት በርበሬና ቅመም እየሸጠች እኔንና ወንድሜን አሳደገች። የስንት ሰው ጀናዛ አጥባለች፤ በስንቱ ራስጌ ተቀምጣ ጆሮው ላይ ሸሃዳ ብላለች። የለመነችኝ ለሰው ስታደርግ የኖረችውን ነው እንጂ ሌላ አይደለም። «አብሽሪ እማ፣ ቤት አገኛለሁ» አልኳት።

ወንድሜ ዘንድ እንዳልወስዳት፣ እሱ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ የሰው ሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ተደራርቦ ነው የሚያድረው። እኔ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ናዝሬት የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተሰብሳቢው ይመጣል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል፤ እኔ በቀን ሃያ አልጋ አነጥፋለሁ። በዚያው ሰሞን ስለ ድሆች ኑሮ ሊመክር የመጣ አንድ ሰውዬ ትራሱ ጠነከረብኝ ብሎ ተቆጥቶኛል። ለስለስ ያለ ትራስ አመጣሁለት፤ ምን አደርጋለሁ?

ቤት ፍለጋ ከሥራ መልስ ነበር። የያዝኩት ደላላ ወሬኛ ግን ቅን ወጣት ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ዛፍ ሥር ቆሞ ሁለት ስልክ ያነጋግራል። መጀመሪያ የወሰደኝ አንድ ጡረተኛ ግቢ ነው። ሰውዬው በር ላይ ቆመው እንደ ፈተና ጠየቁኝ። ስንት ናችሁ? እኔና እናቴ። ልጅ የለም? የለም። ጎሽ። ምጣድ ትጠቀማላችሁ? እንጀራ ገዝተን ነው የምንበላው። ይኼኔ ፊታቸው ፈታ ብሎ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «እናትሽ ጤነኛ ናቸው?» ሲሉኝ ግን እውነቱን ነገርኳቸው። «እግዜር ይማርልሽ ልጄ» አሉ፤ ቁልፉም ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። ቤቱን ለካ ለሌላ ሰው ቃል ገብተውበታል።

ሁለተኛዋ አከራይ ቢያንስ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችብኝም። «እህቴ አትቀየሚኝ» አለች፣ «አምና ተከራይ ሞቶብኝ ድንኳኑ ሦስት ቀን በሬን ዘጋው። ለቀስተኛው የታንከር ውሃዬን ጨረሰው፣ መፀዳጃ ቤቱ ሞላ፣ ሁለት ተከራዮች ቤቱ ይከብደናል ብለው ለቀቁ። እኔ በዚህ ኪራይ ነው ልጆች የማሳድገው።» ሰው ሞቶበት የማያውቅ ቤት ካለ አሳዪኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ስንመለስ ደላላው መንገድ ላይ አቆመኝ። «አንቺ ቤት ልትከራዪ ነው ወይስ ልትመሰክሪ? እናቴ ደህና ናት በይ። ሦስት ቃል ነው» አለኝ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። እሺ አልኩት።

ሦስተኛው ቤት ወደ ቦኩ መውጫ፣ ከተማው አልቆ ባዶ ሜዳ ከሚጀምርበት ነው። አከራይዋ ጠና ያሉ የአርሲ ሙስሊም ናቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ሲሞቱ መኪናው ተሸጦ ከግቢው ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ተሠሩ። ባዶ የሆነችው የመጨረሻዋ ናት። ኮርኒስ የላትም፣ መስኮት የላትም፣ ቀን ቀን ቆርቆሮዋ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ኪራይዋ የደሞዜን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ያዝኩ አልኩ። «እናቴ ደህና ናት፣ ትንሽ እግሯን ብቻ ያማታል» አልኩ። ሴትየዋ ትክ ብለው አዩኝና «እስቲ ነገ አምጪያትና ልያት» አሉ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። እናቴን አጠብኳት፣ ጉንጯን በቫዝሊን አሸሁት፣ ማስታገሻውን ሁለት ሁለት አድርጌ ሰጠኋት። ምን እንደፈለግሁ ነገርኳት። ባጃጁ ከበሩ ራቅ ብሎ አወረደንና ክንዷን ልይዝ ስል እጄን ገፋችው። ብቻዋን፣ ቀጥ ብላ፣ ሴትየዋ ሽንኩርት ይልጡበት ወደነበረው በርጩማ ሄደች። «አካም ጅርቱ?» አለቻቸው። ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት የተማረችው ኦሮምኛ አለቀና ወደ አማርኛ ዞሩ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወሎ ተጫወቱ። ሴትየዋ ፊታቸው በራ። «ጤናሽ እንዴት ነው?» አሏት በመሃል። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

እሷ አልዋሸችም። ታማም ደህናም ሆና የምትለው ይህንኑ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ገባን። በማግሥቱ አከራያችን ትኩስ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘው «ቤት ለእምቦሳ» ብለው መጡ። «እምቦሳ እሰሩ» አልኩ፤ አፌ ይህን ይላል፣ ሰውነቴ ግን በሩን ሞልቶ ቆሟል። እናቴ ከኋላዬ ፍራሹ ላይ ተጣጥፋ ነበር። የትናንትናው መንገድ ሰባብሯታል። «ተኝታለች፣ በኋላ ትመጣለች» አልኳቸው። ዳቦውን ተቀበልኩ፤ እሳቸው ግን አልገቡም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ መጡ፤ ይኼኔ ወንድሜ ዘንድ ዓለም ጤና ሄዳለች አልኩ። ያልኩትን ለማስመሰል ሥራ ስሄድ ሦስት ቀን በሩን ከውጭ ቆለፍኩባት። ውሃና ኩባያ አጠገቧ፣ ባልዲ እግርጌዋ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ ብቻ ነበር የሚቀለው።

ሴትየዋ ከዚያ በኋላ አልመጡም። ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይላሉ፣ «ደህና ናት» እላለሁ። ደህና መሆኗ እንዲታይ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት በሩ ላይ ፀሐይ አስሞቃት ጀመር። ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፤ የሚያልፈውን ሁሉ በፈገግታ ትሸኛለች። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስትገባ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሕመሙ ጠናባት። ተከራዮቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ ልብስ ታሰጣለች፣ ሌላዋ የልጅ ጠጉር ትሠራለች፣ አከራያችን በርጩማቸው ላይ ናቸው። እናቴ ማቃሰት ጀመረች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም፤ ከሆዷ ሥር የሚመጣ፣ እሷም የማታዝዘው ድምፅ ነበር። ራዲዮኑን ከፈትኩ፤ አልሸፈነውም። ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና አፏን በመዳፌ ያዝኩት። «እማ በአላህ፣ ይሰሙናል። የት እንገባለን? ዝም በይ» አልኳት። ጮክ ብዬ አይደለም፣ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው። ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። ቅያሜ አይቼባት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያየሁባት ግን ሐፍረት ነው። ጥፋተኛ ልጅ ትመስል ነበር። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ቀን በኋላ ስታቃስት አልሰማሁም። ማስታገሻው ሠርቶላት ይሆናል አልኩ። ሻል ብሏታልም አልኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን ምስክር አይፈልግም።

የሞተችው በሥራ ቀን ነው። ሆቴሉ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ነበርና ቀድሜ መውጣት አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። የተኛች መስሎኝ ኮቴዬን አጥፍቼ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ምሳ የተውኩላትን ሳህን አነሳሁ። አልነካችውም። ያኔ ነው እግሯን የነካሁት።

ጩኸቴን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት አከራያችን ናቸው። አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ትልቁን በር ወለል አድርገው አስከፈቱት፤ ታንከሩን ለለቀስተኛ ክፈቱ አሉ። እኔ ከመናኸሪያው ሰፈር ስለቅ ከእድሩ የወጣሁ መሆኔን ሲሰሙ «የእኔ ሰው ናት» ብለው የራሳቸውን እድር ድንኳን አስተከሉ። ከዚያ የሚያጥቡትን ሴቶች ጠርተው ገቡ። አገጯን ሊያስሩላት ጎንበስ ሲሉ ቆም አሉ። የነጠላዋ ጫፍ በአፏ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል። ቀስ ብለው ሳቡት። ጨርቁ በጥርስ ተበሳስቶ ነበር፤ ያን ቀን ብቻ የተነከሰ አይደለም፣ ዳሩ በሙሉ ተበልቷል።

«ይኼ ምንድነው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴቶቹ ውሃውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ። አከራያችን ነጠላውን አጥፈው አስቀመጡና «ቢስሚላህ» ብለው ማጠብ ጀመሩ። ያን ቀን ሌላ አልተናገሩኝም።

የተናገሩኝ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሲሄድ። ከበርጩማቸው ጎን አስቀመጡኝ። ቤቱን ልቀቂ ሊሉኝ ነው ብዬ ቀድሜ «እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

«የመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ» አሉ፣ «አላህ ያያል፣ አላስገባሽም ነበር። እኔም ሰው ነኝ፤ ለቅሶ እፈራለሁ፣ ተከራይ ይሸሽብኛል ብዬ እፈራለሁ። ከገባችሁ በኋላ ግን እሷ ጎረቤቴ ናት። የታመመ ጎረቤት ደጅ የሚያወጣ ምን ዓይነት ሙስሊም ነው? በማግሥቱ ስመጣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያስወጡናል ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ኩሩዎች ናችሁ ብዬ ተውኳችሁ። ቀን ቀን ምን ሥራ አለኝ? እዚህ ነው የምውለው። አብሬያት እቀመጥ ነበር፤ ከቁርዓን ያሲንን እየቀራሁላት እውል ነበር። ያን ቀንም ምሳ ሰዓት እዚሁ ነበርኩ።» ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «ምንም አልሰማሁም እኮ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ምንም» አሉ።

አላስወጡኝም። አሁንም የምኖረው እዚያው ክፍል ነው፣ ኪራዩንም አልጨመሩብኝም። ያ ውሸት የሚያስፈልገኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በሩን አልፌ እስክገባ። እኔ ሁለት ወር ያዝኩት። አንዳንድ እሑድ በሬ ላይ ተቀምጬ ሴትየዋን አያቸዋለሁ። ከበርጩማቸው እስከ በሬ ስምንት እርምጃ ነው። እናቴ ያን ቀን ድምፃቸውን ትሰማ ነበር፤ ከልጅ ጋር ሲቀልዱ፣ ዶሮ ሲያባርሩ። አንድ ጊዜ ብትጣራ ሽንኩርታቸውን ጥለው ይመጡላት ነበር። እሷ ግን እኔ ቤት እንዳላጣ ብላ ነጠላዋን ነክሳ ብቻዋን ሞተች።