ሰው አለው

ዘፋኝና ዜማ ደራሲው አጎቴ ከውጭ ኮንሰርት ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ይዤ እጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚጭኑት ሻንጣቸውን ብቻ ነው።

«አንተ ዕቃውን ይዘህ ቅደም፤ እኔ በታክሲ እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ደክሞዎታል እኮ!»

«አዲሱ ዜማ አልተፈተነማ!»

እስከ ሰሚት ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ያንጎራጉራሉ። ወያላው ሳይታወቀው በሩን በጣቱ መታ መታ ካደረገ ዘፈኑ ይቀረጻል፤ ካላደረገ ይጣላል። ስንቱን የምወደውን ዜማ አስጣለብኝ፣ ያ ወያላ!

ከቀብራቸው በኋላ በዚያው መስመር ተሳፍሬ፣ ታመው ሳሉ ያስጠኑኝን የመጨረሻ ዜማ አንጎራጎርኩ። ወያላው በሩን መምታት ጀመረ። «ጋሼ፣ አለፈ!» ልላቸው ዞር አልኩ። ለካ ሳላውቀው ጎኔ ቦታ ትቼላቸው ነበር።

«ወንድም፣ ጠጋ በል» አለኝ ወያላው።

«ሰው አለው» አልኩት።