ክረምቱን የሚችል ወረቀት

ጌታሰው በወረቀት ቀልድ አያውቅም። ፀጉሩ የሸበተው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤቱ ነው። ደንበኛ የሚፈልገውን ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ወረቀት አንስቶ በሁለት ጣቱ መሀል ያሸዋል። የሠርግ ጥሪ ከሆነ ወፍራሙን፣ ደረሰኝ ከሆነ ስሱን፣ ደጅ የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ ውሃ የማይበግረውን ስቲከር ያወጣል። «ርካሹ ይበቃኛል» ያለውን ሰው እንዲሁ አይለቀውም፤ የደብረ ሲና ጉም ቀለም እንዴት አድርጎ እንደሚያጥብ ቁጭ አድርጎ ይነግረዋል። ብር ሲቀበል እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቱን ነው እያሉ ጓደኞቹ ይስቁበታል።

የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ሊያሳትሙ የሚመጡ እናቶችንም እንደዚሁ ነበር የሚመክራቸው። «እማማ፣ ይሄኛው ክረምቱን ሙሉ ይችላል» ይላቸዋል፣ ደግ የሠራ መስሎት። ፊታቸው ጥቁር ሲል ያያል፤ ዋጋው ያስደነገጣቸው ይመስለው ነበር። ምን ያድርግ፣ የራሱ ሰው ጠፍቶበት አያውቅ።

ሰኔ ሲገባ ጠፋበት። ልጁ ዘሥላሴ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሊያደርስ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ፤ ካርዱን አስረከበ፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ተዘጋ። መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር ተባለ፤ የለም፣ አልነበረም ተባለ። ጌታሰው ፖሊስ ጣቢያውንም ሆስፒታሉንም አዳረሰ። ያየው ሁሉ አይዞህ ይለው ጀመር፤ አይዞህ ባዩ በበዛ ቁጥር እሱ ይበልጥ እየፈራ ሄደ።

በመጨረሻ የልጁን ፎቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ጫነ። ሚስቱ በሰለች ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ አጠገቡ ቆማለች። ጌታሰው እንደ ልማዱ እጁን ወደ ስቲከሩ ሰደደ፣ አፉም እንደ ልማዱ ቀደመው።

«ይሄ ክረምቱን ሙሉ ይችላል።»

«ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሊጠፋ ነው?» አለች በሰለች። «አታሟርትብኝ ጌታሰው። በስሱ አትመው። ሳይቀደድ ይመጣል።»

ያኔ ነው የእነዚያ እናቶች ፊት የገባው፤ አፈረም። ስሱ ወረቀት ዝናብ እንደማይችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሟርቱን ግን እሱም ፈራው። ወፍራሙን ካነሳ ልጁን በገዛ እጁ የሚያርቀው መሰለው፤ እናም ሰውየው ዕድሜ ልኩን የመከረውን ምክር ዋጥ አድርጎ በስሱ አተመ።

ደብረ ሲና ወርደው ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ሁሉ፣ ምሰሶ ላይ፣ አጥር ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፉት። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ጉሙ መጣና የመኪናውን መስታወት አለበሰው፣ ቀጥሎም ዝናቡ። በሰለች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ጌታሰው የሚያስበው ስለ ቀለሙ ነበር። ነገ ተመልሼ በስቲከር እለውጠዋለሁ አለ በሆዱ። በነጋታው መንገዱ ተዘጋ፤ በማግስቱም አልተከፈተ።

መኪና መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ ደብረ ሲና ቆሎ የምትሸጥ ወለተሐና የምትባል ሴት ነች። አንድ ወጣት ወባ ይዞት፣ ስልኩንም ተነጥቆ፣ እየቃዠ በረንዳዋ ላይ ወድቆ ሰንብቷል። አጥሯ ላይ ያለውን ፎቶ አይታ፣ ፊቱ በቀለም ቢዥጎረጎርም፣ እሱ መሆኑን ለየችው።

«የስልክ ቁጥሩ ግን መጨረሻው ታጥቧል፣ ወንድሜ» አለች። «እየገመትን ደወልን፤ ሰው ሁሉ አላውቅም አለን። ዛሬ ሻይ ቤት ውስጥ ዝናብ ያልነካው ባገኝ ነው።»

«አሁን የት ነው?»

 ሴትዮዋ ብቻዋን እንደምትኖር፣ የሚያስታምም ሰው እንዳልነበራት፣ እሷም ለቆሎዋ ገበያ ወጥታ እንደነበር ተናገረች። ስትመለስ ተነስቶ ሄዷል። አንድ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ያዩት አሉ፤ ወደ ቆላ ይሁን ወደ ደጋ የለየ የለም። ትኩሳቱ አልለቀቀውም ነበር።

ጌታሰው ስልኩን ዘጋ። በሰለች በሩ ላይ ቆማ ምን አሉህ አለችው፤ ሊደብቃት አሰበ፣ አልቻለም፣ ሁሉንም ነገራት። እሷ ስትሰማው ቆይታ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወደተረፉት ስስ ወረቀቶች ሄደ። 

«ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ጌታሰው ቶሎ ብሎ። «የኔ ሥራ ነው። አንቺ የለሽበትም።»

በሰለች ማን እንደመረጠው አልጠፋትም። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ስቲከሩን በሁለት እጇ አወረደችና ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«እንግዲህ አትም» አለችው።

ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር።